አርባ ስምንት ተብሎ የኖረው አርባ ስድስት

የዚህ መጽሐፍ አዘጋጆች «ከሙያህ አንድ ነገር ጻፍልን፤ ግን ሌክቸር እንዳይሆን» ብለው አዘዙኝ። ሙያዬ ባዮሎጂ ነው፤ ከባዮሎጂም የሕዋስ መከፋፈል። ኢንጂነሩም፣ የሕግ ባለሙያውም፣ አካውንታንቱም ይህን ርዕስ ስትሰሙ ምን ትዝ እንደሚላችሁ አውቃለሁ፦ ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ። ለማትሪክ ሸመደድናት፣ ለፍሬሽማን ፈተና ደገምናት፣ ከዚያ በቃ፤ ከወረቀቱ ጋር አስረከብናት። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ አራቱ ደረጃዎች አይደለም። ደረጃዎቹን በዓይናቸው አይተው ስለጻፉ፣ አይተው ስላልጻፉ፣ ጽፈውም ስማቸው ስለተዘለለ ሰዎች ነው። (ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉ ራሱ ትንሽ ታሪክ አለው። በግዕዙ ሕዋስ የስሜት መሣሪያችን ነው፤ አምስቱ ሕዋሳት ሲባል ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስ፣ መዳሰስ። በእኛ ጊዜ ደግሞ ግቢ ውስጥ «ሕዋስ» ሲባል ማይክሮስኮፕ ትዝ የሚለው ሰው አልነበረም፤ የሚታሰበው በምሽት በየዶርሙ የሚሰበሰበው የድርጅት ሕዋስ ነው። እሱም ቢሆን ሲበዛ ለሁለት ይከፈል ነበር። የዚያ ዘመን ሰዎች ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባችኋል፤ ቀልዱን እዚህ ላይ ልተወው።

የፈረንጁን ስም ያወጣው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነው። በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ ቀጭን የቡሽ ቅራፊ በማይክሮስኮፕ አይቶ የማር እንጀራ የሚመስሉ ትንንሽ ባዶ ክፍሎች አገኘና «ሴል» አላቸው። ቤቱን አየ እንጂ ባለቤቱን አላየም፤ ቡሹ የሞተ ነበርና። ከዚያ በኋላ ወደ መቶ ሰባ ዓመት ገደማ ሰዎች ክፍሎቹን ሲያዩና ሲስሉ ኖሩ። በ1838 እና በ1839 ሁለቱ ጀርመኖች ሽላይደንና ሽቫን ተክልም እንስሳም የተሠራው ከሕዋስ ነው ብለው ዛሬ «የሕዋስ ንድፈ ሐሳብ» የምንለውን አቆሙ። ትልቅ ነገር ነው። ግን እዚያው ውስጥ አንድ ትልቅ ስሕተት አብሮ ገባ። አዲስ ሕዋስ ከየት ይመጣል ሲባሉ፣ ሕዋስ ካልሆነ ፈሳሽ ይረጋል አሉ፤ ከጨው ውሃ ላይ ጨው እንደሚረጋ። የሁለቱ ስም ከብዶ ስለነበር ይህም አብሮ ተቀበለ። በመማሪያ መጽሐፋችን ሁለቱ የሚነሡት ትክክል ባሉት ብቻ ነው፤ ስሕተታቸው ስለማይነገር ያንን ስሕተት ያፈረሰው ሰውም አይነገርም።

ያ ሰው ሮበርት ሬማክ ይባላል። በ1815 ፖዘን በምትባል፣ ያኔ በፕራሻ ግዛት ሥር በነበረች ዛሬ ፖላንድ ውስጥ በምትገኝ ከተማ ተወለደ። አይሁዳዊ ነው። በዚያን ጊዜ በፕራሻ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር አይሁዳዊ መሆን በር ይዘጋ ነበር፤ መፍትሔውም የታወቀ ነው፣ ተጠመቅና ግባ ነው። ሬማክ እምቢ አለ። ስለዚህ እየታከመ የሚከፍለውን በሽተኛ እያከመ፣ በሰው ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ ደመወዝ ሠራ። በ1841 ከዕንቁላል ውስጥ ገና ያልተፈለፈለ የጫጩት ጽንስ ደም ወስዶ ሲመለከት ቀይ የደም ሕዋሳት መሐላቸው እየቀጠነ ለሁለት ሲከፈሉ አየ። እንዲህ ያለ ነገር በውሃ አረንጓዴና በመሳሰሉት ተክሎች ላይ ከእሱ በፊት የታየ ነው። የሬማክ ጥያቄ ግን ሰፋ ያለ ነበር፤ በእንስሳ አካል ውስጥ ያለው ሕዋስ ሁሉ እንዲህ ነው ወይ የሚመጣው? ለዚህ መልስ አሥር ዓመት ያህል ፈጀበት። የእንቁራሪት ዕንቁላል ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አራት ሲሄድ የሕዋሱ ሽፋን አብሮ እንደሚከፈል የሚያሳይ ማጠንከሪያ ፈሳሽ ቀመመ፤ በ1852 ሕዋስ ከሕዋስ ውጪ አይፈጠርም ሲል በግልጽ ጻፈ። በሽታ ያመጣው እባጭም ቢሆን ከዚሁ ሕግ አያመልጥም አለ።

በ1855፣ ማለትም ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዓመት፣ ሩዶልፍ ፊርኾ የሚባለው ስመ ጥር ሐኪም «ሕዋስ ሁሉ ከሕዋስ» የሚለውን በላቲን አሳምሮ ጻፈው። ከሦስት ዓመት በኋላም በበርሊን በሰጠው ትምህርት ላይ አስፋፍቶ መጽሐፍ አደረገው። አባባሉም የራሱ አልነበረም፤ ፈረንሳዊው ራስፓይ ከሠላሳ ዓመት በፊት ተጠቅሞበታል። ማስረጃው ደግሞ የሬማክ ነው። ፊርኾ የሬማክን ስም አልጠቀሰም። ሬማክ ደብዳቤ ጽፎ ወቀሰው፤ ከወቀሳው የተገኘ ነገር ግን የለም። ዛሬ ማንኛውንም የሕክምና ተማሪ «ሕዋስ ሁሉ ከሕዋስ ያለው ማነው?» ብትሉት ፊርኾ ይላችኋል። ፊርኾን ሌባ ነው ብዬ ልጨርሰው አልፈልግም፤ በሽታን ከሕዋስ አንጻር ማየት እንዴት እንደሚቻል ያስተማረ፣ ለድሆች ንጹሕ ውሃና የፍሳሽ ማስወገጃ እንዲሠራ በምክር ቤት የተሟገተ ሰው ነው። ነገር ግን ወንበሩ የነበረው እሱ ነው፣ ድምፁም የሚሰማው የእሱ ነው። ሬማክ በ1847 በበርሊን ዩኒቨርሲቲ እንዲያስተምር ሲፈቀድለት ለአይሁዳዊ የመጀመሪያው ነበር፤ ረዳት ፕሮፌሰር የሆነው በ1859 ነው፤ በ1865 ሞተ። ሙሉ ፕሮፌሰርነትን አላያትም። በስሙ የተጠራው የልጅ ልጁ የሒሳብ ሊቅ ሆኖ ነበር፤ እሱን ናዚዎች በ1942 አውሽቪትስ ገደሉት።

ሕዋስ ይከፈላል ከተባለ ቀጣዩ ጥያቄ እንዴት ነው። መልሱ የመጣው ከቀለም ፋብሪካ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ጀርመኖች ለጨርቅ ብለው የሠሯቸው ሰው ሠራሽ ቀለሞች ሕዋስ ላይ ሲጨመሩ ኒውክለሱ ውስጥ ያለውን አንድ ነገር ለይተው ያቀልሙት ጀመር። የኪል ዩኒቨርሲቲው ዋልተር ፍሌሚንግ (የፔኒሲሊኑ ፍሌሚንግ አይደለም፤ ይህን በየፈተናው የሚያደባልቅ ተማሪ አይጠፋም) የሳላማንደርን ዕጭ መረጠ። ሳላማንደር እንሽላሊት የሚመስል ግን ውሃ የሚወድ እንስሳ ነው፤ ሕዋሶቹ ትልልቅ ስለሆኑ ለማየት ይመቻሉ። ፍሌሚንግ የዕጩን ክንፍና ስንጥብ አቅልሞ በየደረጃው የደረቁ ሕዋሳትን ደረደረ፣ በሕይወት ካለው ጋር አስተያየ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ወሰነ። ፎቶግራፍ በሌለበት በእጁ ሣላቸው። ክሮቹ ይታያሉ፣ ይወፍራሉ፣ ያጥራሉ፣ መሐል ላይ ይሰለፋሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ክር በቁመቱ ተሰንጥቆ ግማሹ ወደዚህ ግማሹ ወደዚያ ይሄዳል። በቁመቱ መሰንጠቁን ማየቱ ነው ትልቁ ነገር። ለሁለት ልጆች እኩል እንዲደርስ የሚከፈል እንጀራ በመሐሉ ይቆረጣል፤ ሕዋስ ግን ውርሱን እንዲያ አይቆርጥም፣ መጀመሪያ ሙሉውን ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ነው የሚያካፍለው። በ1882 ባወጣው መጽሐፍ ይህን ሥርዓት ክር ከሚለው የግሪክ ቃል ማይቶሲስ አለው። ክሮቹን ክሮሞዞም ያላቸው ግን ሌላ ሰው ነው፣ ቫልዳየር፣ በ1888።

ቀጥሎ ያለው ለእኛ ሰው የሚቀርብ ነው፤ ወስፋት ነው። የቤልጂጉ ኤድዋርድ ቫን ቤኔደን የፈረስ ወስፋት ዕንቁላል ወስዶ በ1883 የጻፈው ሥራ ከሽንኩርቱም ከሳላማንደሩም ይልቅ ነገሩን ግልጽ አደረገው። ለምን ወስፋት? ክሮሞዞሙ ጥቂት ስለሆነ ነው፤ በአንደኛው ዘር አራት፣ በሌላው ሁለት ብቻ። አራት ነገር መቁጠር ማንንም አያሳስትም። ቫን ቤኔደን ከአባት ዘር ሁለት፣ ከእናት ዕንቁላል ሁለት እንደሚመጣና ሲገናኙ አራት እንደሚሆን አየ። የዘር ሕዋስ ግማሽ ይዞ ይመጣል ማለት ነው። ባይሆን ኖሮ በየትውልዱ እጥፍ እየሆነ ይሄድ ነበር። ከዚህ በኋላ የመጡትን በአጭሩ ልለፋቸው፤ ቦቬሪ በባሕር እንስሳት፣ ወጣቱ አሜሪካዊ ዋልተር ሳተን ደግሞ በፌንጣ፣ በ1902 እና በ1903 ሜንዴል በአተር ያገኘው የውርስ ሕግ የሚሄደው በክሮሞዞም ተጭኖ ነው አሉ። የእኔ ታሪክ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው።

የወስፋት አራት ከሆነ የሰውስ ስንት ነው? ከባድ ጥያቄ አይመስልም፣ አይደል? ግን የሰውን ሕዋስ በሰም አድርቀው፣ በስለት ቀጭን አድርገው ቆርጠው፣ አቅልመው ሲያዩት ክሮሞዞሞቹ እንደ ተቋጠረ ጓዝ ተደራርበው ነው የሚታዩት። ቢላው አንዱን ለሁለት ይቆርጠዋል፤ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ሌላው ከሌላው ሥር ይደበቃል። ቤልጂጉ ፎን ቪኒቫርተር በ1912 ለወንድ 47፣ ለሴት 48 አለ። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ቴዎፊለስ ፔይንተር ደግሞ በቴክሳስ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ «ለሕክምና» ተብለው ከተኮላሹ ሰዎች የተወሰደ ሥጋ አገኘ። ይህን የምጽፈው እንዲሁ አልፌ ልሄድ አይደለም፤ የሰው ልጅ ቁጥር የተቆጠረው እምቢ የማለት አቅም ባልነበራቸው ሰዎች አካል ላይ ነው፣ ስማቸውም የትም የለም። ፔይንተር በ1921 ሲጽፍ ጥርት ባሉት ስላይዶች ላይ 46 እንደቆጠረ፣ ሆኖም 46 ይሁን 48 እርግጠኛ እንዳልሆነ ነው የገለጸው። በ1923 ወሰነ፤ 48።

ከዚያ ወዲያ ለሠላሳ ሦስት ዓመት የሰው ልጅ 48 ክሮሞዞም ነበረው። መጻሕፍቱ እንዲህ አሉ፣ አስተማሪዎቹ እንዲህ አሉ። ሌሎችም ሲቆጥሩ 48 አገኙ፤ ምክንያቱም 48 እስኪሞላ ነው የሚቆጥሩት። 46 ላይ ሲደርሱ የተደበቁ ሁለት አሉ ብለው ይፈልጋሉ፤ የፈለገ ደግሞ ያገኛል፣ አንዱን ጠማማ ክሮሞዞም ሁለት ብሎ ይቆጥረዋል። የአራት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ባዮሎጂ የጀመሩት ታላላቆቻችን ያገኙት የመማሪያ መጽሐፍ 48 የሚለውን ነው። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ዓለም ሁሉ እንደዚያው ነበር።

ስለ ፔይንተር አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ኋላ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ሄማን ስዌት የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ በቀለሙ ምክንያት ከሕግ ትምህርት ቤቱ ሲከለከል ክስ የቀረበው በፔይንተር ስም ላይ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1950 ለስዌት ፈረደለት። ከእናንተ ሕግ ያጠናችሁ ጉዳዩን ታውቁት ይሆናል፤ ስሙ ከክሮሞዞም ቆጣሪው ጋር አንድ ሰው መሆኑን ግን ብዙዎቻችሁ የምትሰሙት ዛሬ ይመስለኛል።

ችግሩን የፈታው ቀመር የተገኘው በስሕተት ነው። ቻይና የተወለደው ሹ የሚባለው ተመራማሪ በቴክሳስ ጋልቬስተን ከተማ በ1952 አንድ ቀን ስላይድ ሲያይ ክሮሞዞሞቹ እንደ ተበተነ እህል ተለያይተው አገኛቸው። ዓይኑን ማመን አቃተው። ደግሞ ሲሞክር የለም። ወራት ፈጅቶ ምክንያቱን ደረሰበት፤ ከላብ ረዳቶቹ አንዷ ሕዋሱ የሚታጠብበትን ጨዋማ ውሃ ስትቀምም ጨው አሳንሳ ነበር። ጨው ያነሰው ውሃ ወደ ሕዋሱ ይገባል፣ ሕዋሱ ያብጣል፣ ክሮሞዞሞቹ ይራራቃሉ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የክሮሞዞም ምርመራ የሚሠራው በዚህ ዘዴ ነው። ረዳቷ ማን እንደሆነች ሹ ራሱ ለይቶ ሊያውቅ አልቻለም። የሚገርመው ሌላ ነው፤ እንዲህ ጥርት ብሎ የተዘረጋ ስላይድ በእጁ ይዞ ሹም የጻፈው 48 ነው። በኋላ ራሱ ታሪኩን ሲጽፍ ይህን አልደበቀውም።

ጆ ሂን ቺዮ የመጣው ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው። በ1919 ጃቫ ውስጥ ከቻይናውያን ቤተሰብ ተወለደ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖች አስረው አሰቃዩት። ሙያው ተክል ነው፤ እርሻ ተምሮ የስፔኗ ዛራጎዛ ላይ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በዕረፍቱ ወደ ስዊድኗ ሉንድ፣ ወደ አልበርት ሌቫን ላቦራቶሪ እየሄደ ይሠራል። የተክል ሰዎች በዚህ ጉዳይ ከሐኪሞቹ የተሻለ ልማድ ነበራቸው፤ ቆርጠው ሳይሆን ጨፍልቀው ነው የሚያዩት። የሥሩን ጫፍ ታቀልማለህ፣ በመስተዋት ሸፍነህ በአውራ ጣትህ ትጫነዋለህ፤ አንድም ክሮሞዞም ሳይቆረጥ ሁሉም በአንድ ወለል ላይ ይዘረጋል። ኮልቺሲን የሚባለውን የተክል መርዝ መጨመርንም ያውቁ ነበር፤ እሱ ክሮሞዞሞቹን የሚጎትቱትን ገመዶች ስለሚያፈርስ ሕዋሱ በመከፋፈል መሐል ላይ ተገትሮ ይቀራል። ቺዮ ከጽንስ ሳንባ የተራቡ ሕዋሳትን ወሰደ፣ የሹን ቀጭን ጨው ጨመረ፣ ኮልቺሲኑን ጨመረ፣ ጨፈለቀ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1948 ዓ.ም. ሌሊት፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 22 ቀን 1955፣ ቆጠረ። 46። እንደገና ቆጠረ። 46። ከ260 በላይ ሕዋሳት ቆጥረው ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም 46 ሆኑ።

በቀጣዩ ዓመት ከሌቫን ጋር ያሳተሙት ጽሑፍ አጭር ነው፤ የሚያስደንቅ ጨዋነትም አለው። ቀደም ሲል እዚያው ስዊድን ውስጥ ኤቫ ሃንሰን-ሜላንደርና ጓደኞቿ የጽንስ ጉበት ሕዋሳትን ሲያጠኑ ሥራቸውን እንዳቋረጡት ይጠቅሳል። ለምን ቢባል 48ቱን ሁሉ ማግኘት ስላቃታቸው ነው፤ ደጋግመው ሲቆጥሩ የሚመጣላቸው 46 ነበር። እስቲ አስቡት። መልሱ በእጃቸው ነበር፤ ስላይዱ ትክክል ነበር፤ ያቆሙት ስላይዱ ከመጽሐፉ ጋር ስላልተስማማ ነው። በቺዮና በሌቫን መካከልም ከወረቀቱ በፊት ማን አንደኛ ይጻፍ የሚል ክርክር ነበር፤ የላቦራቶሪው ባለቤት ሌቫን ነው፣ ልማዱም ባለቤቱ እንዲቀድም ነው። ቺዮ ግን አልለቀቀም፤ ስሙ ቀድሞ ወጣ። ሬማክ ያላገኘውን እሱ አገኘ።

ማርት ጎቲዬ ግን አላገኘችም። ፓሪስ ውስጥ የልጆች ሐኪም ነበረች፤ አሜሪካ ሄዳ ሕዋስ በብልቃጥ ማርባት ተምራ ተመለሰች። ዳውን ሲንድረም ካላቸው ልጆች የተወሰደ ሥጋ አርብታ ስትቆጥር አንድ ክሮሞዞም ትርፍ ሆነባት፣ 47። ማይክሮስኮፗ ፎቶ የሚያነሣ አልነበረም። ዤሮም ለዠን የተባለው ባልደረባዋ ፎቶ ላስነሣልሽ ብሎ ስላይዶቹን ወሰደ። በ1959 ሲታተም የእሱ ስም አንደኛ፣ የእሷ ሁለተኛ ሆነ፤ ያውም ፊደሉ ተሳስቶ። እሷ ይህን በአደባባይ የተናገረችው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው። የለዠን ወገኖች ታሪኩን በሌላ መንገድ ይነግራሉ፤ የፈረንሳይ የጤና ምርምር ተቋም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ግን በ2014 ግኝቱ ያለ እሷ ባልተቻለ ነበር የሚል አቋም ወስዷል። እሷ በ2022 ዐረፈች።

እዚህ ላይ ለመምህራኑ አንድ ነገር ልበል። ከተመረቅሁ በኋላ ስሙን በማልጠራው አንድ ኮሌጅ ባስተማርኩባቸው ዓመታት የሽንኩርት ሥር ላብ ነበረን። የክፍሉን ሪፖርት ሰብስቤ ሳየው ሁሉም የሣሉት አንድ ዓይነት ሆነ፤ ንጹሕ ክብ፣ በውስጡ አራት ክሮሞዞም። የሽንኩርት ክሮሞዞም አሥራ ስድስት ነው። አራቱ ከየት መጣ? ከመጽሐፉ ሥዕል፤ ደራሲው ለማቅለል ብሎ አራት አድርጎታል። ማይክሮስኮፑን ጎንበስ ብለው አይተው ቀና ሲሉ የሣሉት መጽሐፉን ነው። አንዲት ልጅ ብቻ የተጨማደደ ክር የመሰለ ነገር ሥላ ከሥሩ «መቁጠር አልቻልኩም፣ ከአሥር ግን ይበልጣል» ብላ ጻፈች። ሙሉ ማርክ ሰጠኋት። አብሮኝ ያርም የነበረው ባልደረባዬ «መልሱን አላገኘችም እኮ!» ብሎ ተከራከረኝ። አገኘች እንጂ። በዚያ ክፍል ከነበረው ሁሉ የሳላማንደሩን ፍሌሚንግ የመሰለችው እሷ ነበረች።

ሌላም አለ። በየመገናኛችን ፕሮፌሰሮቻችንን እያነሣን እናመሰግናለን፤ ይገባቸዋል። ጨዋማውን ውሃ የቀመሙልን፣ ሽንኩርቱን ከሦስት ቀን በፊት በብርጭቆ ውሃ አፍ ላይ ያስቀመጡልን፣ ካርሚን ቀለሙን በአሲድ ያፈሉልን የላብ ረዳቶች ግን በአንድም የዓመት መጽሐፍ ውስጥ ስማቸውን አላየሁም። ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተዋል። ኮሚቴው ለሚቀጥለው እትም ስማቸውን ከክፍለ ትምህርቶቹ ቢሰበስብ ከባድ ሥራ አይመስለኝም።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ ሰዎች የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፤ «ታዲያ 46 ብዙ ነው ጥቂት?» ይሉኛል። መመጻደቂያ አይሆንም። ገብስ 14 አለው፣ እንሰት 18፣ ኑግ 30፣ ጤፍ 40። ቡና 44 ነው። የቡናውማ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ሌሎቹ የቡና ዝርያዎች 22 ሲኖራቸው የእኛው የደቡብ ምዕራብ ጫካ አረቢካ ብቻውን 44 ይዟል። ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ተዳቅለው ሲዋሐዱ የሁለቱም ሙሉ ድርሻ ስለተቀመጠ ነው። ጤፍም እንዲሁ የድርብ ውርስ ልጅ ነው። እያንዳንዱ የጤፍ ሥር ጫፍ በክረምቱ ጭቃ ውስጥ አርባውን እየገለበጠ አርባ አርባ ሲያካፍል ነው የሚከርመው። ለማዳቀል የሚሠሩ ተመራማሪዎቻችን ይህን ቁጥር ሳያውቁ አንድ እርምጃ አይራመዱም።

ስንት እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚካፈል ከታወቀ በኋላ የቀረው ጥያቄ መቼ የሚለው ነበር። ሕዋስ አሁን ልከፈል፣ አሁን ልቆይ የሚለውን ማን ይነግረዋል? ካንሰር ማለት ይህ ትእዛዝ ያልሰማ ሕዋስ ስለሆነ ነገሩ ቀልድ አይደለም። መልሱ የመጣው ከመጠጥ ነው። አሜሪካዊው ሊላንድ ሃርትዌል የያዘው የተለመደውን እርሾ ነው፤ ዳቦ የሚያነሣውን፣ በጠላችንና በጠጃችን ውስጥም የሚገኘውን፣ ጎኑ ላይ ልጅ እያበቀለ የሚራባውን። እንግሊዛዊው ፖል ነርስ ደግሞ ሌላ እርሾ መረጠ። ይህኛው አያበቅልም፤ እንደ በትር ይረዝምና ልክ መሐሉ ላይ ለሁለት ይቆረጣል። መጀመሪያ የተገለጸው በ1893 ከምሥራቅ አፍሪካ የማሽላ ዓይነት ጠላ ውስጥ ተለይቶ ነው፤ ስለዚህም ሳይንሳዊ ስሙ ፖምቤ ሆነ፣ በስዋሂሊ ጠላ ማለት ነው። ጎረቤቶቻችን ለዘመናት የጠጡት ነገር ስም በሕዋስ ሳይንስ መዝገብ ላይ እንዲህ ተጽፎ ቀረ።

ነርስ ኤዲንብራ ሳለ ከመጠናቸው ሳይደርሱ ቶሎ የሚከፈሉ ድንክ የፖምቤ ሕዋሳትን አየ። እነዚህን እየተከተለ የመከፋፈሉን ሰዓት የሚይዘውን ዘረ መል ደረሰበት። በ1987 እሱና ሜላኒ ሊ ያደረጉት ሙከራ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ይህ ዘረ መል የተበላሸበትንና መከፈል ያቃተውን እርሾ ወስደው የሰውን ዘረ መል በብዛት አስገቡበት። ከዚያ ሁሉ መሐል አንዱ የሰው ዘረ መል እርሾውን አዳነው፤ እርሾው መከፈል ጀመረ። ሰውና እርሾ ከተለያዩ ከመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት በላይ ሆኗቸዋል፤ ቁልፉ ግን አንድ ነው፣ ያንዱ የሌላውን በር ይከፍታል። ቲም ሀንት ደግሞ በባሕር እንስሳ ዕንቁላል ውስጥ ሕዋሱ ሊከፈል ሲል የሚጠራቀም፣ ሲከፈል ድንገት የሚጠፋ ፕሮቲን አገኘ። ሦስቱ በ2001 የኖቤል ሽልማቱን አብረው ወሰዱ። በዚያው ዓመት ቺዮ አሜሪካ ውስጥ ዐረፈ። ወደዚያ የተሻገረው ከግኝቱ በኋላ ነበር፤ በ1962 ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ እጅ ሽልማት ተቀብሏል፤ ቀሪ ዘመኑንም በብሔራዊ የጤና ተቋማቸው ክሮሞዞም ፎቶ ሲያነሣ ኖረ።

ለባዮሎጂ ክፍለ ትምህርት የማቀርበው ልመና አለኝ። በመገናኛው ቀን ከምሳ በኋላ አንድ ላብ ቢከፈትልን፣ ሁለት ማይክሮስኮፕ ቢወጣልን፤ ኢንጂነሩም ጠበቃውም ተራ በተራ ጎንበስ ብሎ ይቁጠር። ያየውን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ አሥራ አራትም ቢሆን፣ አሥራ ሰባትም ቢሆን። ሽንኩርቱን እኔ ከሦስት ቀን በፊት ውሃ ላይ አስቀምጬ አመጣለሁ።